ዐሥር ሺህ እርምጃ፦ የመቁጠሪያው ታሪክና የሚቆጠረው ሰው

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል። ዓ.ም. ተብለው ካልተጠቀሱ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል የብዙዎቻችን እጅ ላይ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ታስሯል። ሰዓት ያላሰረውም ቢሆን በኪሱ ያለው ስልክ ሳይጠየቅ ይቆጥርለታል። መሣሪያው እንቅልፋችንን ይመዝናል፤ የልብ ምታችንን ያደምጣል፤ ብዙ ከተቀመጥን ነዝሮ ያስነሣናል። ማታ ላይም በአንድ ቁጥር ይፈርድብናል። ያ ቁጥር በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ለረጅም ጊዜ 10,000 ሆኖ ኖሯል።

የታሪክ ሰው እንደ መሆኔ የዛሬ ዓላማዬ የጤና ምክር መስጠት አይደለም። መራመድ መልካም መሆኑን ሐኪሞች ነግረውናል፤ እኔም አልቃወምም። የምጠይቀው ስለ ቁጥሩ ነው። አንድ የጽሑፍ ምንጭ እጃችን ሲገባ ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምንስ ሳይጽፍ ቀረ ብለን እንጠይቃለን። በእጃችን ላይ ያለው መሣሪያም በየደቂቃው ስለ እኛ የሚጽፍ ጸሐፊ ነውና ተመሳሳይ ጥያቄ ይገባዋል። ማን ይቆጥራል? ለማን ይቆጥራል? ምንስ ሳይቆጠር ይቀራል?

፩. መጠሪያ የነበረው ቁጥር

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶንን ውድድር በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አሸነፈ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈውት ነበር። ውድድሩን ከጨረሰ በኋላ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የሚያሳየው ፊልም ዛሬም ይታያል። የጃፓን ሕዝብ ይህን ሁሉ በቴሌቪዥንና በአውራ ጎዳናው ዳር ሆኖ ተመለከተ። ኦሊምፒኩ ለጃፓናውያን ከጦርነቱ ፍርስራሽ የመነሣት ማብሰሪያ ነበር፤ የአካል ብቃት ጉዳይም የአገር መነጋገሪያ ሆነ።

በተከታዩ ዓመት በ1965 ያማሳ ቶኬይ የተባለ የጃፓን ኩባንያ በወገብ ላይ የሚታሰር አነስተኛ የእርምጃ መለኪያ ለገበያ አቀረበ። ስሙን «ማንፖ ኬይ» አለው። በጃፓንኛ «ማን» ዐሥር ሺህ ነው፤ «ፖ» እርምጃ ነው፤ «ኬይ» መለኪያ ነው። ስለዚህ የዕቃው ስም ቃል በቃል «የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ዐሥር ሺህ የሚለው የጃፓን የጽሕፈት ምልክት ራሱ የሚራመድ ሰው ይመስላል እየተባለም ይነገራል። ቁጥሩ ለጆሮ የሚስማማ፣ ለማስታወስ የሚቀል፣ ለመድረስም የሚያጓጓ ነበር። የእግር ጉዞ ማኅበራት ተቀበሉት፤ ከጃፓን ወጥቶም ዓለምን ዞረ።

ሳይንሱ ቁጥሩን በቅጡ የመረመረው ግን ብዙ ዐሥርት ዓመታት ዘግይቶ ነው። በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ 16,741 ሴቶችን ተከታተለ። በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ጋር ሲነጻጸሩ በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙ እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ይረጋጋል። የጥናቱ ባለቤቶች ራሳቸው የ10,000ው ቁጥር ምንጭ የዚያ የጃፓን ዕቃ መጠሪያ ሳይሆን እንደማይቀር ጽፈዋል። በ2022 የ15 ጥናቶችን መረጃ ያጣመረ ሌላ ሥራ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት ከ6,000 እስከ 8,000፣ ከዚያ በታች ለሆኑት ከ8,000 እስከ 10,000 ባለው መካከል ጥቅሙ እንደሚረጋጋ አሳየ።

እንግዲህ 10,000 ሐሰት ነው አልልም፤ ለብዙ ወጣቶች ከእውነቱ የራቀ አይደለም። የምለው ቁጥሩ መጀመሪያ መጠሪያ እንደ ነበረ፣ ኋላም ሕግ መስሎ እንደ ተቀመጠ ነው። ይህ በታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ልማድ መነሻው ሲረሳ እንደ ተፈጥሮ ይቆጠራል።

፪. በገዛ እግር መለካት

ሰው በሰውነቱ መለካት የጀመረው ከጥንት ነው። እኛ ዘንድ ስንዝር፣ ጋት፣ ክንድ አለ። ሮማውያን «ሺህ እርምጃ» ብለው የሰየሙት ርቀት ዛሬ ማይል ለምንለው ቃል መነሻ ሆኗል፤ ያ እርምጃ ግን ቀኝና ግራውን አንድ ላይ የሚቆጥር ጥንድ እርምጃ ነበር። ከታላቁ እስክንድር ጦር ጋር የሚጓዙ እርምጃ ቆጣሪዎችም ነበሩ። ሥራቸው በከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በእግራቸው መለካትና መመዝገብ ነበር።

በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ትምህርት ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን በጣም የሚጠቅም አንድ ልማድ አለ። የባሕረ ሐሳብና የአቡሻኽር ትውፊትን የያዙ የብራና መጻሕፍት በየወሩ በየሰዓቱ የሰው ጥላ ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚያሳዩ ሰንጠረዦች ይዘዋል። ኦቶ ኖይገባወር የተባሉት የጥንታዊ ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ቀመር ጥናት እነዚህን ሰንጠረዦች መርምረዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው በጠራ ፀሐይ ደልደል ባለ መሬት ላይ ይቆማል፤ የጥላው ራስ የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያም በገዛ እግሩ ጫማ ለጫማ እያጋጠመ ይለካዋል። በዚህም ሰዓቱን ያውቃል።

የዚህ መለኪያ ብልሃት የሚለካውንና የሚለካበትን አንድ ማድረጉ ነው። ረጅም ሰው ረጅም ጥላ ይጥላል፤ ነገር ግን በአብዛኛው እግሩም ረጅም ነው። አጭሩም እንዲሁ። መለኪያው ከእያንዳንዱ ሰው አካል ጋር አብሮ ይሰፋል፤ አብሮም ይጠብባል። ለሁሉም አንድ ቁጥር የሚሠራው እያንዳንዱ በራሱ እግር ስለሚለካ ነው። የእጃችን ሰዓት ግን ለሃያ ዓመቱ ሯጭም ለሰባ ዓመቷ አያትም በመጀመሪያ ቀን ተመሳሳይ ግብ ሊያቀርብ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የረቀቀ መሣሪያ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መለኪያው ከማን አካል ይነሣል የሚለው ጥያቄ ነው።

ለካው ሌላ ሲሆን ምን እንደሚመጣም ከታሪካችን እናውቃለን። በአፄ ምኒልክ ዘመን መሬት በገመድ እየተለካ በጋሻ ሲከፋፈል፣ ቀላድ የሚባለው ሥርዓት ሲዘረጋ፣ ገመዱ ርዝመትን ብቻ አልለካም። የማን መሬት እንደሆነ፣ ማን ግብር እንደሚከፍል፣ ማን ጭሰኛ እንደሚሆን አብሮ ወሰነ። ገመድ የያዘው ሰውና መሬቱ የተለካበት ሰው አንድ አልነበሩም።

፫. የናይን ሲንግ መቁጠሪያ

«መቁጠሪያ» የሚለው ቃላችን በመጀመሪያ የሚያስታውሰን ጸሎትን ነው። በጣት እየተላለፈ ጸሎት የሚቆጠርበትን ሐብል። በእርምጃ ቆጠራ ታሪክ ውስጥም አንድ እውነተኛ የጸሎት መቁጠሪያ ትልቅ ስፍራ አለው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የብሪታንያ መንግሥት ሕንድን በካርታ ሲያነጥፍ ከሂማላያ ማዶ ያለው ቲቤት ለአውሮፓውያን ዝግ ነበር። ካፒቴን ቶማስ ሞንትጎመሪ የተባለው የቅየሳ መኮንን አንድ ዘዴ አሰበ፤ የተራራውን አገር ሰዎች አሠልጥኖ እንደ ነጋዴና እንደ ተሳላሚ አስመስሎ መላክ። ከእነዚህ መካከል ዝነኛው ናይን ሲንግ ራዋት ነው። የመንደር መምህር ነበር። ዳገትም ይሁን ቁልቁለት የእርምጃው ርዝመት እንዳይለዋወጥ ሠለጠነ። የቡድሃ እምነት ተከታዮች መቁጠሪያ 108 ፍሬ አለው፤ የእሱ ግን 100 ብቻ ነበረው። በየመቶ እርምጃው አንድ ፍሬ ያሳልፋል። ስለዚህ አንድ ዙር ሲሞላ የተራመደው 10,000 እርምጃ ይሆናል።

በአጋጣሚ የእኛው ቁጥር ነው። በእጁ የሚሽከረከረው የጸሎት መሣሪያ ውስጥም በጸሎት ጽሑፍ ፈንታ የቅየሳ ማስታወሻው ተደብቆ ነበር። በ1866 ላሳ ገባ፤ የከተማዋንም ከፍታና አቀማመጥ ለካ። የለንደኑ ሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ በ1877 የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። በ1904 ደግሞ የብሪታንያ ጦር ላሳ ገባ። ጦሩን ያመጣው የእሱ እርምጃ ነው ማለት ታሪክን ማቅለል ይሆናል። ነገር ግን ለግዛት የሚያገለግል ካርታ ከየት እንደ ተሠራ ስንጠይቅ ከመልሶቹ አንዱ የአንድ መምህር እግር ነው።

ናይን ሲንግን የማነሣው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እርምጃውን የሚቆጥረው ራሱ ነበር፤ ቁጥሩ የሚሄደው ግን ሌላ ዘንድ ነው። ሁለተኛ፣ ቆጠራው እንዲሠራ ሰውነቱ እንደ ማሽን እኩል መራመድ ነበረበት፤ መለኪያው ለእግሩ አልተስማማም፤ እግሩ ለመለኪያው ተስማማ። ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚያየው ሰው ጸሎት ሲያደርስ ነበር የሚመስለው። ዛሬም በእጃችን ላይ ያለው መሣሪያ ከውጭ ሲታይ ሰዓት ነው።

፬. ለራስ መቁጠር

ሁሉም ቆጠራ ለሌላ ነበር ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ለራሳቸው የቆጠሩም አሉ። ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ ከሚዛን ጋር የተያያዘ ወንበር አሠርቶ የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና ከሰውነቱ የሚወጣውን ሁሉ ለዓመታት መዘነ። በዓይን የሚታየው የሚወጣ ነገር ከሚገባው በክብደት እንደሚያንስ አስተዋለ፤ ቀሪው ሳይታይ በትነት እንደሚወጣ ደመደመ። ውጤቱን በ1614 አሳተመ። ቶማስ ጀፈርሰን በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ ሳለ በኪስ ሰዓት አምሳል የተሠራ የእርምጃ መቁጠሪያ ነበረው፤ በ1788 ለወዳጁ ለጄምስ ማዲሰን አንዱን ከአስተሳሰሩ መመሪያ ጋር ላከለት። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ለመቁጠር ጊዜውም ገንዘቡም የነበራቸው ናቸው። በጀፈርሰን እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩት ሰዎች በቀን ስንት እርምጃ እንደሚራመዱ የሚነግራቸው መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ቢነግራቸውም እርምጃቸውን የሚወስኑት እነሱ አልነበሩም።

የሠራተኛው እርምጃ ለሕክምና ዕውቀት የበቃው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በ1953 ያሳተሙት ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ተመለከተ። በአንድ መኪና ውስጥ ሁለት ሠራተኞች አሉ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ ከተማ፣ የሚሠሩት ለአንድ መሥሪያ ቤት ነው። የልብ ሕመም ግን በሾፌሮቹ ላይ በይበልጥ ተገኘ። የአካል እንቅስቃሴና የልብ ጤና ግንኙነት ዘመናዊ ምርምር ከዚህ ሥራ ብዙ ተበድሯል።

ለተማሪዎቼ ይበልጥ የሚያስተምረው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የሞሪስ ቡድን ወደ ደንብ ልብስ መዝገቡ ተመለሰና የሱሪዎቹን የወገብ ልክ አየ። ሾፌሮቹ ከትኬት ቆራጮቹ የሰፋ ወገብ ነበራቸው፤ ገና በወጣትነታቸውም ጭምር። ታዲያ ሥራው ነው ያወፈራቸው ወይስ ወፈር ያለው ሰው ነው የሾፌርነቱን ሥራ የመረጠው? ተመራማሪዎቹ የራሳቸውን ግኝት ለመፈተን የልብስ ስፌት መዝገብ ድረስ ሄዱ። በከተማችን ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩንና ረዳቱን ያየ ሁሉ ይህን ጥያቄ በቀላሉ ይረዳዋል። ቁጥር ጥያቄ እንዲወልድ የሚደረገው እንዲህ ነው።

፭. ክንድ የሚያየውና የማያየው

አሁን ወደ ራሳችን እጅ እንመለስ። ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ በ1977 ተመሥርቶ በ1982 ያለ ገመድ የልብ ምት የሚያነብ የእጅ መሣሪያ ለስፖርተኞች አቀረበ። ፊትቢት በ2007 በሳን ፍራንሲስኮ ተመሥርቶ የመጀመሪያውን መከታተያ በ2009 ሸጠ፤ ጉግል በ2021 ጠቅልሎታል። በዚያው በ2007 ሁለት የዋየርድ መጽሔት አዘጋጆች «በቁጥር የተገለጠ ራስ» የሚል ሐሳብ ያነገበ እንቅስቃሴ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የስፖርተኛው መሣሪያ የሁሉም ሆነ።

መሣሪያው እግራችንን አያይም። በውስጡ ያለች ጥቃቅን የፍጥነት ለውጥ መለኪያ የክንድን መወዛወዝ በሦስት አቅጣጫ ትመዘግባለች፤ ስሌቱም ያንን ውዝዋዜ ከተለመደው የአረማመድ ስልት ጋር አስተያይቶ «ይህ እርምጃ ነው» ይላል። የልብ ምቱን ደግሞ በአብዛኛው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ልኮ፣ ደም በተመላለሰ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ምን ያህል እንደ ቀነሰ በማየት ይገምታል። «ይገምታል» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ተጠቅሜያለሁ። በማያው ላይ የምናየው ቁጥር የመደምደሚያ መልክ አለው፤ በውስጡ ግን የግምት ሰንሰለት ነው።

እኔ ይህን መሣሪያ ካሰርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ በመመራመር ዓይንም ተከታትየዋለሁ። ያስተዋልኩትን ላካፍላችሁ። ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ እጅ ስለሚወዛወዝ መሣሪያው እርምጃ ነው ብሎ ይቆጥራል፤ ሰው ግን ከበርጩማው አልተነሣም። ኮረኮንች መንገድ ላይ በመኪና ስሄድ እግሬ ሳይነሣ እርምጃ ይጨመርልኛል። በአንጻሩ ሕፃን አቅፌ ስሄድ ክንዴ ስለማይወዛወዝ ብዙውን ይዘላል። የሰንበት ወይም የበዓል ማኅሌት ቆመው ያደሩ አባቶችና ወጣቶች በመቋሚያ ተደግፈው ሌሊቱን ሙሉ በእግራቸው ናቸው፤ መሣሪያው ግን አብዛኛውን ሰዓት «ዕረፍት» ይለዋል። ይባስ ብሎ መሣሪያው ቀኑን የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በዚያች ደቂቃ ሁሉ ነገር ዜሮ ይሆናል። በልማዳችን ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነውና አንዱ ሌሊት በሁለት ቀን ተከፍሎ ይመዘገባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ሥዕል ነው። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን እናውቃቸዋለን። ወገባቸው ጎብጧል፤ እጃቸው የሸክሙን ገመድ ጨብጧል። ክንዳቸው አይወዛወዝም። ከእነዚህ እናቶች አንዷ መሣሪያውን ብታስር ከላይ እስከ ታች የወረደችው ቁልቁለት ገሚሱ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል፤ የሸክሙ ክብደት ግን በማንኛውም መልኩ አይመዘገብም። መሣሪያው የታሰበው እጁን ባዶ አድርጎ ለሚሄድ ሰው ነው። እንቅስቃሴን እንደ ጎደለ ነገር የሚፈልገው ኅብረተሰብ የሠራው ነውና እንቅስቃሴ የበዛበትን ሰው ድካም የሚለካበት ቋንቋ የለውም።

የቆዳ ጉዳይም አለ። በ2020 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በሆስፒታል የሚሠራበትን፣ በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ መርምሮ፣ መሣሪያው ሳያየው የሚያልፈው የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚበዛ አሳይቷል። የእጅ ሰዓቶቹ የልብ ምት ንባብ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ውጤት የተለያየ ስለሆነ ያንን ውጤት በቀጥታ ወደ እነሱ አላዛውርም። ነገር ግን በብርሃን የሚሠራ ማንኛውም መለኪያ በየትኛው ቆዳ ላይ እንደ ተፈተነ መጠየቅ መብታችን ብቻ ሳይሆን የሙያ ግዴታችን ነው።

አካል ግን የራሱ መዝገብ አለው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ የግራ ክንዱ ጎንበስ ብሎ ወደ ደረቱ ይጠጋ ነበር። በልጅነቱ ደብተሮቹን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ከነበረበት ዘመን የቀረ መሆኑ ደጋግሞ ተነግሯል። ያ ክንድ ስንት እርምጃ እንደ ሮጠ አይነግረንም፤ ወዴትና ምን ይዞ እንደ ሮጠ ግን ይነግረናል። የታሪክ ምንጭ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

፮. ቁጥሩ ለማን ይደርሳል?

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ ቁጥሩ መድረሻ ነው። እርምጃዬን ለራሴ ብዬ ብቆጥርም መረጃው ከእጄ ወደ ስልኬ፣ ከስልኬ ወደ ኩባንያው ማከማቻ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁለት ምሳሌዎች ያሳዩናል።

የመጀመሪያው ካርታ ነው። ስትራቫ የተባለው የሯጮችና የብስክሌተኞች መተግበሪያ በኅዳር 2017 የተጠቃሚዎቹን እንቅስቃሴ ደምሮ በብርሃን የሚያሳይ የዓለም ካርታ አወጣ። በጥር 2018 አንድ የአውስትራሊያ ተማሪ በጨለማ በረሃ መካከል የሚያበሩ መስመሮችን ልብ አለ። ወታደሮች በጦር ሰፈሮቻቸው ዙሪያ የሮጡባቸው መንገዶች ነበሩ። ስም አልተጻፈም፤ ግን የእግር ዱካ ከስም በላይ ተናገረ። ናይን ሲንግ ካርታ ለመሥራት ሠልጥኖ፣ አደጋውን አውቆ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እየቆጠረ ተጓዘ። እነዚህ ወታደሮች ግን ካርታ እየሠሩ መሆናቸውን አላወቁም።

ሁለተኛው ምሳሌ የመምህራን ነው። በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የጤና ዋስትና፣ ሠራተኞች በመተግበሪያ እንቅስቃሴያቸውን አስመዝግበው ነጥብ እንዲያገኙ፣ ያላሟላው በወር 25 ዶላር ተጨማሪ እንዲከፍል የሚያደርግ ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ በተቃውሞ ተሰረዘ። ይሁን እንጂ በየካቲት 2018 በ55ቱም አውራጃዎች የተደረገውን የመምህራን ሥራ ማቆም ካቀጣጠሉት ቅሬታዎች አንዱ እሱ ነበር። ዋናዎቹ ጥያቄዎች ደመወዝና የዋስትና ወጪ ናቸው። ቢሆንም አንድ መምህር ስንት እንደ ተራመደ ለአሠሪው እንዲያስረዳ መጠየቁ ከገንዘቡ በላይ እንደ ተሰማቸው በጊዜው ከተናገሩት መረዳት ይቻላል። ለራስ ሲሆን ማበረታቻ የነበረው ቁጥር ለአሠሪ ሲደርስ ግብር ሆነ።

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ይመድበዋል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ሕግ ግን የሚጠብቀው ጠያቂ ያለውን መብት ነው። የሕክምና፣ የሕግ፣ የኮምፒውተርና የታሪክ ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጡበት የሚገባ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። የዋስትና ድርጅቶች፣ አሠሪዎችና ትምህርት ቤቶች ይህን ቁጥር በሚጠይቁበት ቀን መልሳችን አስቀድሞ የታሰበበት መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

ክቡራንና ክቡራት፤ ሰዓታችሁን አውልቁ ለማለት አልመጣሁም። ከልብ ሕመም ተርፎ በየቀኑ ጥቂት እየጨመረ የሚራመድ ሰው በዚያ ቁጥር ውስጥ ተስፋውን ያያል፤ ያንን ማንም ሊያቃልልበት አይገባም። ያልኩት ይህ ነው። ከእስክንድር እርምጃ ቆጣሪዎች እስከ ናይን ሲንግ፣ ከቀላድ ገመድ እስከ ዌስት ቨርጂኒያ ድረስ የመቁጠር ታሪክ ዋና ጥያቄ «ስንት?» አልነበረም፤ «ለማን?» ነበር። ገመዱን ማን እንደ ያዘ ሳናውቅ ልኩን ብቻ ማወቅ ግማሽ ዕውቀት ነው።

ለተማሪዎቼ የምተወው የቤት ሥራም ከዚህ የተነሣ ነው። ለአንድ ሳምንት መሣሪያችሁ የሚላችሁን መዝግቡ፤ ከጎኑም ያልቆጠረውን በእጃችሁ ጻፉ። የተሸከማችሁትን፣ የቆማችሁበትን፣ የጠበቃችሁበትን ሰልፍ፣ ያስታመማችሁትን ሰው። ከዚያ ሁለቱን መዝገቦች አስተያዩና ወደፊት የዚህን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የትኛውን ቢያገኝ እንደምትመርጡ ንገሩኝ። እኔ እንደ ታሪክ ሰው ሁለቱንም እፈልጋለሁ፤ አሁን በብዛት እየተከማቸ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው።